የጋሽ መንገሻ ሁለት ሳምቡሳ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሜሮን ከባንኮክ ደወለችልኝ። አባቷን ለኩላሊት ሕክምና ይዛ ከሄደች ወር ሊሞላት ነው። ቀኑን ሆስፒታል ስለምትውል አመሻሽ ላይ እግሯን ለማፍታታት ወደ ገበያው ወጣ ትላለች። "አክስቴ፣ እዚህ አገር ቤቱ የሚያበስል ሰው ያለ አይመስለኝም" አለችና ስልኳን አዙራ አሳየችኝ። እውነትም መንገዱ በሙሉ ምድጃ ነው። በእንጨት የተሰካ ዶሮ ከሰል ላይ ይገላበጣል። የሩዝ ዱቄት በኮኮናት ወተት ተበጥብጦ ትንንሽ ጎድጓዳ ቅርጽ ባለው ብረት ላይ ይጋገራል። አንዲት ሴትዮ ጥሬ ማንጎ ልጣ ስትቆራርጥና ጨው፣ ሚጥሚጣና ስኳር የተቀላቀለበት ትንሽ ፌስታል አብራ ስትሰጥ ሳይ አፌ ውሃ ሞላ። እኛ የሸዋ ሮቢት ልጆች ጥሬ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ እየበላን ነው ያደግን። እነሱ ስኳሩን ብቻ ነው የጨመሩበት።

ሜሮን ቀጥላ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተጠቀለለ ነገር ዘይት ውስጥ ከሚንጣጣበት መጥበሻ ፊት ቆመች።

"ይሄ የጾም ይመስልሻል?"

"እኔ ከሮቢት ሆኜ በምን አውቄው? ጠይቂያታ!"

"ጠየቅኋት እኮ! ለጠየቅኋት ሁሉ እየሳቀች ራሷን ትነቀንቃለች። ሥጋ አለው ወይ ስላት እሺ፣ የለውም ወይ ስላትም እሺ።"

ተሳሳቅን። ማንጎዋን እንድትበላ መክሬያት ስልኩን ዘጋሁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየልኝም። "የጾም ነው ወይ?" ተብሎ መጠየቅ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁና ነው። በዚያ ላይ ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ገብተዋል። የሙስሊሙ ጾም በየዓመቱ ዐሥር ዐሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ወራቱን ሁሉ ይዞርና ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ተመልሶ ከእኛ ሁዳዴ ጋር ይገናኛል። ባለፈው ሲገናኙ እኔ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ማትሪክ ተፈትኜ ውጤቱ ስላልበቃኝ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ አስፋልቱ ዳር ካለው ቤታቸው ደጅ ሳምቡሳ እየጠበሱ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው እናቴን አስፈቅደው ወሰዱኝ። ልጃቸው ሰዓዳ እኩያዬና ጓደኛዬ ስለነበረች ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሰዓዳ የሥጋውን ትጠብሳለች፣ እኔ የምስሩን።

የእትዬ ሐዋ ሥርዓት ጥብቅ ነበር። ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት የዘይት ጀሪካን አላቸው። ሥጋው ጓዳ ይጠቀለላል፣ ምስሩ ደጅ። የሥጋው መጥበሻ የሚጣደው ከሰል ላይ ነው፣ የምስሩ ቡታጋዝ ላይ። የእኔን መጥበሻ እሳቸው ራሳቸው እንኳ በእጃቸው አይነኩትም። በሁዳዴ ክርስቲያኑ ከሙስሊም ቤት የተጠበሰ ነገር ለመብላት ያመነታል፤ ሥጋ የነካው ቢሆንስ ይላል። ስለዚህ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ልጅ ምስሩ ጋ ትቆማለች። መንገደኛው ማተቧን ያያል፣ "የጾም ነው?" ይላል፣ "የጾም ነው" ትላለች፣ ይበላል። እውነቱን ለመናገር የተቀጠርኩት ለጥብሱ አልነበረም። ሰዓዳ ከእኔ በእጥፍ ትፈጥናለች። የተቀጠርኩት ለዚያች ለአንዲት ቃል ነው።

የሮቢት ሙቀት ቀን ላይ ሰው ያስጨንቃል። ዐሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ፀሐይዋ ወደ ዳገቱ ስትጠጋ ግን ከተማው እንደገና ይወለዳል። አስፋልቱ ዳርና ዳር ሰው ይፈላበታል። የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ቦንቦሊኖ፣ ትኩስ ሽምብራ ይቀርባል። የወሎ አውቶቡሶችና የአሰብ ከባድ መኪናዎች ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ ወርደው ፊታቸውን ይታጠባሉ። የእኛ ሳምቡሳ በድፍን ከተማው የታወቀ ነበር ብል ኩራት አይሁንብኝ። ምስሩ ከነፍሬው ነው፣ አይላሽቅም። የሮቢት ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ በደቃቁ ተከትፎ ይገባበታል፣ ድንብላል ይነሰነስበታል። ከዘይት እንደወጣ ሎሚ ጭምቅ አድርገውበት ሲገምጡት ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ መሐሉ ምላስ ያቃጥላል። ሰው እያቃጠለው፣ አፉን ከፍቶ እየተነፈሰ፣ ሁለተኛውን ያዛል።

ከጠረጴዛችን አጠገብ ጋሽ መንገሻ ጆንያ አንጥፈው ይቀመጡ ነበር። ከሮቢ ወንዝ ማዶ ያለች የመስኖ ማሳ አለቻቸው። ፓፓያና ሎሚ፣ ሲደርስም ማንጎ፣ በአህያ ጭነው ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። በየቀኑ ከፓፓያው የተሻለውን መርጠው ለእትዬ ሐዋ ማፍጠሪያ ይሰጣሉ፤ ራሳቸው ደግሞ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲል ከእኔ ሁለት የምስር ሳምቡሳ ይወስዳሉ። ማን ለማን አበዛ የሚባል ነገር በመሐላቸው ተነሥቶ አያውቅም።

ጋሽ መንገሻ ያን ሁዳዴ የሚጾሙት በስለት ነበር። ልጃቸው ጌታቸው ወታደር ነው። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን የብዙ ሰው ልጅ በእግሩ እየተንጠባጠበ አገሩ ገባ። ጌታቸው አልመጣም። ሞተ የሚልም፣ አየሁት የሚልም አልተገኘ። እርሙን አውጥተው እንዳያለቅሱ፣ ይመጣል ብለው እንዳይቀመጡ መሐል ላይ ቀሩ። ስለዚህ አንዲት ቀን ሳያጓድሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እህል ሳይቀምሱ ሊጾሙ ተሳሉ፤ ወይ ልጁን ወይ ወሬውን እንዲሰጣቸው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሳምቡሳዋን ከመቀበላቸው በፊት፣ በየቀኑ እያዩኝ፣ በየቀኑ የሚጠይቁኝ።

"ልጄ፣ የጾም ነው?"

"የጾም ነው ጋሽ መንገሻ።"

አማትበው ይቀበሉኛል።

ጾሙ የተጋመሰ ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ፣ አዛን ሊል ትንሽ ሲቀረው ከደሴ የመጣ አውቶቡስ ፊታችን ቆመ። ተሳፋሪው ተንጋግቶ ወረደ። አብዛኛው ጾመኛ ክርስቲያን ነበርና የምስሩን ጠረጴዛ ከበበው። ያለኝን ሸጥኩ። ገና ያልተጠበሱ ምናልባት ሃያ ሳምቡሳዎች ቀርተውኛል። መጥበሻዬ ላይ ቀዝቃዛ ዘይት ጨምሬ ሳላበቃ ቡታጋዙ ቱፍ ቱፍ አለና ጠፋ። ነጭ ጋዙ አልቋል። ሰዓዳ ለሶላት ልትታጠብ፣ ውዱእ ልታደርግ ገብታለች፣ እትዬ ሐዋም ጓዳ ናቸው። ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል። አንዷ ሴትዮ "ኧረ ልጆቼ ተራቡ፣ ቶሎ በይ!" እያለች እጇን ትዘረጋለች። የሰዓዳ መጥበሻ ሥራውን ጨርሶ ከሰሉ ላይ ተጥዷል፣ ዘይቱ ይንተከተካል።

ምስሩን እዚያ ውስጥ ጨመርኩት።

ሳላስብ ነው ማለት እችላለሁ፤ ግን አይደለም። አስቤያለሁ። ዘይት እንጂ ሥጋ አይደለም ብዬ አሰብኩ። ደግሞም እነዚህ መንገደኞች ናቸው፣ አሁን ይሄዳሉ አልኩ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምትሠሪውን ታውቂያለሽ የሚባልበት ዕድሜ ነው። ተሳፋሪዎቹ እየጠየቁኝ፣ እኔም እየመለስኩ፣ እያቃጠላቸው በልተው ሄዱ። ትሪው ላይ ሁለት ቀሩ።

አዛን አለ። እትዬ ሐዋና ሰዓዳ ወጥተው በተምር አፈጠሩ። ጋሽ መንገሻም ጆንያቸውን ጠቅልለው መጡ።

"ልጄ፣ የጾም ነው?"

አልቋል ማለት እችል ነበር። ዛሬ ይቅርብዎ ማለትም ይቻላል። ሰዓዳ አጠገቤ ቆማለች፣ እትዬ ሐዋ ይሰማሉ፣ አፌም ለምዷል። "የጾም ነው" አልኳቸው። አማተቡና አንዱን ገመጡ። አላምጠው ሲያበቁ ፈገግ ብለው "ዛሬስ ጣፈጠ! ምን ጨመርሽበት?" አሉኝ። ሁለተኛውንም በሉት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ግን ያን ማታ ማንም ስላላየ ያለፈ መስሎኝ ነበር። ያልታሰበኝ ነገር፣ እትዬ ሐዋ ሥራው ሲያበቃ የሥጋውን ዘይት በሻሽ እንደሚያጠሉት ነው። ሻሹን ወደ ፋኖሱ አስጠግተው ቆዩ።

"ምስር ከዚህ ምን ይሠራል?" አሉ።

ጭልፋዬን ማጠብ ያዝኩ። ሰዓዳ አየችኝና ገባት።

"አንቺን እኮ ነው! ማን በላው?" አሉ እትዬ ሐዋ።

"የአውቶቡሱ ሰዎች" አልኩ። ከዚያ መዋሸቱ ስላልሆነልኝ "ጋሽ መንገሻም" ብዬ ጨመርኩ።

እትዬ ሐዋ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ጾም መግደፍ አንድ ነገር ነው። የዚያን ዘመን ክርስቲያን ግን "የእስላም ሥጋ በላ" ከተባለ ሃይማኖቱን እንደካደ ነው የሚቆጠረው፣ ለሙስሊሙም የክርስቲያን ሥጋ እንደዚያው። እኔ አለቀስኩ፤ እንዳይነግሯቸው ለመንኩ። ሰዓዳም ፈርታ ለመነች።

"እማ፣ ሰው ምን ይላል? ሐዋ በጾማቸው ክርስቲያኖቹን በሥጋ አታለለች ነው የሚባለው። ነገ ማን ከደጃችን ይቆማል? ይሄኔ ድንጋይ የሚወረውርም አይጠፋ!"

"አውቃለሁ" አሉ እትዬ ሐዋ። "የሰው ጾም አማና ነው፣ አደራ ነው። አማና ቢሰበር ለባለቤቱ ይነገረዋል እንጂ አይቀበርም። የአውቶቡሱን ሰዎች ከየት አገኛቸዋለሁ? ለነሱ አላህን ቶባ እላለሁ። መንገሻ ግን እዚሁ ማዶ ነው። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። ጠዋት እንሄዳለን።"

ጠዋት ሄድን። ወንዙ ጎድሎ ስለነበር ድንጋይ ለድንጋይ ተሻገርን። ማዶው ከዳገቱ ሥር የሽንኩርት ማሳ በማሳ ነው፤ ሽታው ገና ሳይደርሱበት ይቀበላል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ ማንደድ ጀምራለች። እትዬ ሐዋ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ነው የሚውሉት። አንድ ጊዜ ብቻ ዞረው "የምናገረው እኔ እንዳይመስልሽ። ያበላው አፍሽ ነው፣ አፍሽ ይናገር" አሉኝ።

ጋሽ መንገሻ ለፓፓያዎቹ ውሃ ሲመልሱ አገኘናቸው። እትዬ ሐዋን ሲያዩ ደንግጠው አካፋቸውን ጣሉ።

"ምነው ሐዋ? ደኅና? ወሬ መጣ እንዴ?"

የልጃቸውን ወሬ ይዘን የመጣን መስሏቸዋል። እስከ ዛሬ ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ተስፋ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጀመርኩ። ቡታጋዙ መጥፋቱን፣ ዘይቱን፣ ሥጋ የተጠበሰበት መሆኑን፣ እያወቅሁ የጾም ነው ማለቴን ነገርኳቸው። ይቅርታ የሚለውን ቃል እንኳ ያልኩት አይመስለኝም።

ወደ ቦዩ ጎንበስ አሉና አፋቸውን ተጉመጠመጡ። ተፉ። ደገሙ። ሦስተኛም ተጉመጠመጡ። ትናንት የተበላ ነገር በውሃ እንደማይወጣ ያውቃሉ፤ ግን የሚያደርጉት ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

"በዚህ ጾም እኮ ነው ጌታቸውን ከእግዜር የጠየቅሁ" አሉ በመጨረሻ፣ እኔን ሳያዩ።

እትዬ ሐዋ ጃንጥላቸውን አጠፉ። "ጋሽ መንገሻ፣ ነገሩ ከኔ ቤት ነው የወጣ። ለማንም ቢናገሩ እውነት ነው፣ አልክድም" አሉ።

"ለማን ልናገር?" አሉ ጋሽ መንገሻ። ባለቤታቸው ከጎጆው ውሃ በቅል ይዘው ብቅ አሉ፤ እትዬ ሐዋን ሲያዩ ረመዳን መሆኑ ትዝ ብሏቸው ተመለሱ። ሁላችንም ጾመኞች ነን፤ የሚቀርብም፣ የሚቀመስም ነገር አልነበረም። እንደመጣን ተመለስን።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ መንገሻ አልመጡም። በማግስቱም አልመጡም። እትዬ ሐዋ ሥራ አላቆሙም፣ እኔንም አላባረሩኝም፤ ግን አንድ መኪና በቆመ ቁጥር ቀና ይላሉ። የሚወራ ነገር ይመጣል ብለው ነው። ምንም አልመጣም። ጋሽ መንገሻ ነገሩን ከንስሐ አባታቸው በቀር ለማንም አልተናገሩም፣ እስኪሞቱም አልተናገሩም። የዚያን ጊዜ ግን ይህን አላወቅንም። ያ ባዶ ቦታ ከጠረጴዛችን አጠገብ ሲታየኝ መዋሉ ብቻውን ቅጣት ነበር።

በአራተኛው ቀን አህያቸውን እየነዱ መጡ። ጆንያቸውን በቦታው አነጠፉ። እንደ ወትሮው ፓፓያ መርጠው ለእትዬ ሐዋ ላኩ። አዛን ሲል ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ የጾም ነው?"

መጥበሻውን ወደሳቸው አዘነበልኩት። "ይዩት ጋሽ መንገሻ፣ ዘይቱንም ይዩት፣ ዛሬ…"

"ስለ መጥበሻው ምን አውቃለሁ? አንቺን ነው የምጠይቅ።"

"የጾም ነው" አልኩ።

አማተቡና ሁለት በሉ። እስከ ትንሣኤ ዋዜማ በየቀኑ እየጠየቁ፣ በየቀኑ በሉ። ጣፈጠ ግን ብለውኝ አያውቁም።

ኢድ መጣ፣ ፋሲካም መጣ። ጌታቸው አልመጣም። በዚያው ዓመት መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁና ከሮቢት ወጣሁ። አስተማሪ ሆኜ ስመለስ ጋሽ መንገሻ አርጅተው፣ አህያዋም ሞታ፣ ከቤት መዋል ጀምረው ነበር። አንድ እሑድ ብቻዬን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዓመታት ስታኝከኝ የኖረችውን ጥያቄ ይዤ ነው የሄድኩት።

"ጋሽ መንገሻ፣ ጌታቸው የቀረው በእኔ ነው ብለው አስበው ያውቃሉ?"

ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምን ሲደረግ፣ የእግዜር ሥራ ነው፣ አንቺ ልጅ ነበርሽ የሚለውን።

"አስቤያለሁ" አሉኝ። "ምን እዋሽሻለሁ። ሌሊት ሌሊት አንቺን ነበር የምረግም። ከሄድሽም በኋላ ረግሜሻለሁ። ኋላ ተውኩት።"

"ለምን ተዉት?"

"ደከመኝ፣ ልጄ።"

ከዚያ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

በዚያ መልስ መጀመሪያ ተከፍቼ ነበር። ዕድሜዬ ከሃምሳ ካለፈ ወዲህ ግን ከሰማኋቸው ይቅርታዎች ሁሉ የማምነው እሱን ሆኗል። እየረገሙኝም ከእጄ በልተዋል። ሌሊት የሚያስቡትን ለሌሊቱ ትተው፣ አመሻሽ ላይ መጥተው እኔን ጠይቀዋል። እንዲህ ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድ በኋለኞቹ ዓመታት በአገራችን ከሆነው ነገር ተምሬያለሁ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠየቅ ትቶ ወሬ ማመን ሲጀምር ምን እንደሚመጣ እኛ አካባቢ ያላየ የለም።

እትዬ ሐዋም ጋሽ መንገሻም ዛሬ የሉም። እኔ ዘንድሮም ሁዳዴን ጀምሬያለሁ። ማታ ማታ ስጸልይ የቤተሰቤን ስም እጠራለሁ፤ የታመመውን ወንድሜን፣ ሜሮንን፣ ልጆቼን። በመጨረሻ ጌታቸው እላለሁ። መልኩን አላውቀውም፤ ፎቶግራፉን እንኳ አሳዩኝ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም። በሕይወት ካለ ስድሳ ዓመት ሊሆነው ነው።